የድሮው ፓስወርድ

ወንድሜ ከደሴ ሲመለስ በር አንኳኩቶ አያውቅም። የቆርቆሮ አጥራችን ጋ ሲደርስ ስልኩ የቤቱን ዋይፋይ ይይዝና መንገድ ላይ ያልገቡለት መልእክቶች አንድ ላይ ይንጫጫሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ የያዘችውን ነገር ጥላ ትነሳና በሩን ትከፍታለች። ሐይቅ ከተማ ውስጥ የልጇን መምጣት በዚህ የምታውቅ ሌላ እናት መኖሯን እንጃ።

እሱ በባቲ በኩል ወደ ባሕሩ ከወረደ ዓመታት አለፉ። "ጀልባ ልንሳፈር ነው፣ አብሽሩ" የሚል ድምፁን ላከልን፤ ከዚያ ወዲህ ዝም። ሽማግሎች መጥተው መርዶውን ተቀበይና ዱዓ እናድርግለት ቢሏት፣ "ሞቱን ያየ መጥቶ ይንገረኝ" ብላ መለሰቻቸው። እኔ ከሽማግሎቹ ጋር ነበርኩ፣ አፍ አውጥቼ ባልናገረውም። ግን ውጭ ስልክ በጮኸ ቁጥር የሁላችንም ወሬ ይቋረጣል።

ዋይፋዩን ያስገባው፣ ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ቸርነቱ አይጣል ነበርና ፓስወርዱን ለሰፈሩ ሁሉ አድሎታል። ራውተሩን ራሱን የምናስተካክልበት ፓስወርድ ደግሞ ከፋብሪካ እንደመጣ ነበር፤ ማናችንም ልንቀይረው አላሰብንም። በኋላ አንዱ ገብቶ ነካክቶት፣ ምን ብከፍት የቁማር ማስታወቂያ እየመጣ አበገነኝ። እኔ ደግሞ አንዴ ከተናደድኩ መመለሻ የለኝም፤ ደሴ ሄጄ አዲስ ራውተር ገዛሁ።

አሮጌውን ልነቅል ስል እናቴ መጣች።

"ፓስወርዱንም ልትቀይረው ነው?"

"አዎ እማ። ሰፈሩ ሁሉ እኮ ያውቀዋል።"

"ያ ልጅ የመጣ ቀንስ? በር ላይ ስልኩ ዝም ካለ በምን አውቄ ልነሳለት?"

"ያንኳኳላ" ልላት ስል ተውኩትና አዲሱን ራውተር ከካርቶኑ አወጣሁ።

አዲሱ ራውተር ሁለት ዋይፋይ ያወጣል። አንዱን ለቤታችን አደረግኩት፤ ፓስወርዱ ረጅም፣ ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም የማያውቀው። የማስተካከያውንም ፓስወርድ ቀየርኩ። ሁለተኛውን፣ የገባበት ሰው ወደ ቤታችን ስልኮች እንዳያልፍ አድርጌ፣ የድሮውን ስምና የድሮውን ፓስወርድ ሰጠሁት። እናቴ መረቀችኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ ስታሰጣ፣ አጥሩ ጋ ያ ጫጫታ ተሰማ። ብዙ መልእክት፣ አንድ ላይ። የያዘችው እርጥብ ሸሚዝ መሬት ወደቀ። እኔ፣ ሞቷል ብዬ ተስፋ የቆረጥኩት፣ ከእሷ ቀድሜ ሮጬ በሩን ከፈትኩት።

ከውጫሌ ገበያ የተመለሰች ጎረቤታችን ናት። ዘንቢሏን አስቀምጣ ስልኳን ታያለች። እናቴ በወጉ ሰላም አለቻት፤ ከዚያ ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

"የድሮውን ዝጋው" አለችኝ። "ሁለተኛ እንዲህ ብነሳ ልቤ አይችልም።"

"እሺ" አልኳት። በስልኬ ማስተካከያውን ከፈትኩ። ማጥፊያው ፊቴ ነው፤ ጣቴ ግን አልሄድ አለኝ። ፈራሁ። በዘጋሁት ቀን ቢመጣስ?

"ዘጋሁት" አልኳት።

በማግስቱ ያቺው ጎረቤታችን እቤት መጥታ እናቴን በፊቴ፣ "የእናንተ ኔት እኮ አላህ ይስጣችሁ፣ ዛሬም እንደ ጉድ ነው የሚሠራው" አለቻት።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

"አልሐምዱሊላህ" አለች። በርጩማዋንም አንስታ ወደ በሩ አስጠጋችው።