ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ የቆመችው ሚስቴ

እሑድ ጠዋት እንጦጦ ስደርስ ሚስቴን ውባለምን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆማ አገኘኋት። ሁለት ወር ጠበል ላይ ከርማለች። ቅዳሴው ተጀምሯል።

«ምነው አልገባሽም?»

«መግባት አልችልማ...» አለችና በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ገባኝ። ሁለት ዓመት ጠፍቶ የነበረው የወር አበባዋ መጥቷል! እኔ ሰው ፊት የማላለቅሰው ሰውዬ፣ ባሕር ዛፍ ተደግፌ አለቀስኩ።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አስጽፌ ነው የምነግራችሁ። ቀበና አንድ ፈረንጅ ግቢ የሌሊት ዘበኛ ነበርኩ፤ የምንኖረውም እዚያው በሩ ሥር ባለች ክፍል ነው። እኔ ብርድ ላይ ቆሜ ሚስቴ ትተኛለች? አይሆንም አልኩ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ትኩስ ሽሮ ታመጣልኛለች፤ እስኪነጋ አብራኝ ትቀመጣለች። ቀን እንተኛለን። ጎረቤት «ፈረንጁ በአንድ ደሞዝ ሁለት ዘበኛ ቀጠረ» እያለ ይስቃል። እኔ እኮራለሁ። ልጅ ግን የለም።

ከጠበል መልሼ አመጣኋት፤ ሌሊቱንም እንደ ድሮው ቀጠልን። ወራት ሳይቆይ አበባዋ እንደገና ጠፋ።

ክሊኒክ የሚያክም ድሬሰር ዘንድ ወሰድኳት። መቼ እንደምንተኛ ጠየቀና ራሱን ነቀነቀ።

«ሰውነት የራሱ ሰዓት አለው ወንድሜ። ሌሊት ተኝቶ ቀን ካልነቃ ይዛባል። የወር አበባን የሚያዘው ሆርሞን የሚሉትም አብሮ ይዛባል። እንጦጦ ሳለች እኮ ሌሊት ትተኛ ነበር።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጠበሉን ልታስክደን ነው?»

«ጠበሉን መቼ ነካሁ? ሌሊት ትተኛ ነው ያልኩት።»

መንገድ ላይ ውባለም እጄን ያዘችኝ። «አንድ ዓመት ብቻ ልተኛ... ሽሮውን ፍም ላይ ትቼልህ።»

«ከእኔ ይልቅ እሱን ሰማሽ?»

በሳምንቱ ሽማግሌ ሰብስቤ «መሀን ናት» አልኩና ወደ አባቷ ቤት ሰደድኳት።

ከዓመታት በኋላ የካ ሚካኤል ክብረ በዓል ላይ አየኋት። የሸማኔ ሚስት ሆናለች። አንዱን አዝላ ሁለቱን አስከትላለች።

«አሁንም ሌሊት ትቆማለህ?»

«አዎ።»

«ብርዱን እንዴት ቻልከው?» አለችኝ፤ ከልቧ ነው።



ዘበኝነቱን ከተውኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ሆዴ ግን እስከ ዛሬ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ይቀሰቅሰኛል... ሽሮ ይዛ የምትመጣ ያለች ይመስል።