የአባባ ሳው እጅ

ታም ሜኮንግ ዳር ባለው ሆስፒታል ሃያ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው እጅና እግር ስታንቀሳቅስ የኖረች ፊዚዮቴራፒስት ናት። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ በመሣሪያ የሚተነፍሱ በሽተኞችን ጣት ታፍታታለች፣ ጉልበታቸውን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ባልደረቦቿ በሽተኛውን «ጨብጡኝ» ሲሉ እሷ «ልቀቁኝ» ነው የምትለው። ምክንያቱን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ከአራት ዓመት በፊት እዚሁ በመሣሪያ ይተነፍሱ የነበሩት የአባባ ሳው እጅ የልጃቸውን የኩየንን እጅ ጭምቅ አድርጎ ይዞ ነበር። ታም አየችና «ይሄ በራሱ የሚመጣ የጅማት ነገር ነው፤ እሳቸው የሉበትም» አለች። ቤተሰቡም እንደ አገሩ ወግ፣ ነፍሳቸው መንገድ ላይ እንዳትቀር፣ በገዛ ጣሪያቸው ሥር እንዲያርፉ ይዟቸው ሄደ።

ኩየን በየአዲስ ዓመቱ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ኬክ ይዛ ትመጣለች። «ዘንድሮም ከሳሽ! ብዪ እንጂ» ትልና ያንኑ ታወራለች። «ወደ ቤት ስንወስደው መሻገሪያው ጀልባ ላይ እኮ እትዬ፣ አንዱን እጄን እንደያዘኝ፣ የሚተነፍስበትን የአየር ፊኛ ባንድ እጄ ብቻ መጭመቅ አቃተኝ። ‹አባባ ልቀቀኝ› ስለው ለቀቀኝ! እስከ መጨረሻው ለኔ እንዳሰበ ሞተ።»

ታም ይህን የሰማች ዕለት ስህተቷ ገባት። መያዝማ አራስ ልጅም ይይዛል። ልቀቅ ሲሉት የሚለቅ ግን የሚሰማ ሰው ነው። አባባ ሳው እየሰሙ ነው ቤታቸው ተወስደው፣ ፊኛው ተነስቶባቸው የሞቱት። ከዚያ ወዲህ ታም ሳህን ስታጥብ እንኳ አንድ ነገር የእጅ አንጓዋን ይይዛታል። ፈሪ ናት፤ ኬኩን እየበላች አራት ዓመት ዝም አለች።

ዛሬ ጠዋት ስትገባ ስድስተኛው አልጋ ላይ በመሣሪያ እየተነፈሱ የተኙት የኩየን እናት ሆነው አገኘቻቸው። አምቡላንስ በር ላይ ቆሟል።

«እትዬ ታም፣ ወንድሞቼ ቤት እንውሰዳት ብለዋል» አለች ኩየን። «እኔ አንቺን ነው የማምነው። እንደ አባባ ጊዜው አንድ ቃል በይኝ።»

ታም የአሮጊቷን እጅ ያዘች። እጁም ጨበጣት።

«እማማ፣ ልቀቁኝ።»

ምንም የለም። ታም ጎንበስ ብላ ደገመችላቸው። ጣቶቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። እንደገና አስያዘቻቸው፣ እንደገና ጠየቀቻቸው። ሦስት ጊዜ ያዙ፣ ሦስት ጊዜ ለቀቁ።

«አትውሰዷቸው» አለች ታም።

ኩየን በእንባዋ መሃል ሳቀች። «ወንድሞቼን አታውቂያቸውም፤ እንዲሁ አትውሰዱ ብላቸው እሺ አይሉኝም። ምን አየች ልበላቸው?»

ታም የአምቡላንሱን ሞተር ሰማች። አንጓዋ ተጨመቀ።

«መያዝ በራሱ ይመጣል። ልቀቁ ሲሏቸው መልቀቅ ግን... እየሰሙን ነው በያቸው።»

ኩየን ወደ በሩ ሮጠች። መዝጊያውን ከፍታ ልትወጣ ስትል ግን ቆመች። ቀኝ እጇን ዘርግታ መዳፏን አየችው።

«እትዬ» አለች ሳትዞር። «ጀልባው ላይ አባባ ለቆኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ታም።