ፍለጋው ያልደረሰባት ቃል

ፈረስ መጋላ አደባባይ አጠገብ ባለችው የጽሕፈት ሱቄ ማመልከቻ ከባዶ ጀምሬ አላውቅም። የቆየ ፋይል እከፍትና የቀድሞውን ባለጉዳይ ቃላት እየፈለግሁ በአዲሱ እተካለሁ። ሙያችን ይኸው ነው፤ ባለጉዳዩ ግን ለእሱ ብቻ የተጻፈ ይመስለዋል።

አንድ ጠዋት ከገጠር የመጡ እናት ገቡ። ባላቸው ታመው አልጋ ስለያዙ በፈንታቸው እርሳቸው መሬት ጽሕፈት ቤት ቀርበው ስለ እርሻቸው ድንበር እንዲከራከሩ ማመልከት ፈለጉ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ያስጻፈችውን ከፈትኩ። መጀመሪያ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያሉትን ምስክሮች ቀየርኩ፤ እዚያው እንዳለሁ መፈለጊያው ላይ «ሟች» ጻፍኩና «ቀጣይ» የሚለውን እየተጫንኩ ባገኘሁት ሁሉ «ታማሚ» አልኩ። ፕሮግራሙ «ሌላ የለም» አለኝ፤ አመንኩት።

«አነበብከው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ከላይ እስከ ታች» አልኳቸው። ዋሸሁ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው ፈረሙ።

ከምሳ በፊት የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ወረቀቱን ይዞ እየተቆጣ መጣ። እንደ ነገረኝ፣ «ሟች ባለቤቴ» ብሎ ለእናትየዋ ሲያነብላቸው፣ መርዶው ቀድሟቸው ቢሮ የደረሰ መስሏቸው «ኢናሊላሂ! መቼ ሞተ?» ብለው ወደ ሸዋ በር መኪና ፍለጋ ሮጡ። ቢጣራም አልሰሙትም።

ፋይሉን መልሼ ብከፍተው ካቆምኩበት ሁለተኛው ገጽ ላይ ተከፈተ። «ቀጣይ» ብዬ ተጫንኩ፤ ሁለተኛውን ገጽ ጨርሶ «ሌላ የለም» አለ። ደግሜ ተጫንኩ፤ ያው ነው። ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ልል ስል አየሁት፦ ፍለጋውን «ወደ ታች ብቻ» ያልኩት ራሴ ነኝ። ካለሁበት ወደ ታች እንጂ ወደ መጀመሪያው ገጽ አልተመለሰም። ቃሏ ደግሞ እዚያው የመጀመሪያው መስመር ላይ ተቀምጣለች፤ አንድ መስመር ባነብ ኖሮ አገኛት ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩትን ግን የለቀሙት እኚያ እናት ናቸው።

በማግስቱ መጡ። እንደሚረግሙኝ ጠብቄ አንገቴን ደፋሁ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ባሌ አለ» አሉኝ። «እኔ ነኝ አበላሽቼ የነገርኩህ፣ ልጄ። አማርኛዬ የገበያ ነው፤ ወላሂ፣ አንተንም ከሰው አጣላሁህ። አፉ በለኝ።»

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። ወረፋ የያዙት ባለጉዳዮች ግን በር ላይ ቆመው ይሰማሉ።

«ግድ የለም፣ እናቴ፤ ያጋጥማል» ብዬ ይቅር አልኳቸው።