ለፈቲያ ሰላም ነው ያልኩት መንገድ

ይህን ነገር ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተነፈስኩም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ እንኳ በየዓመቱ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይቺን እየዘለልኩ አልፌአለሁ። መጀመሪያ የሰማችው የበደልኳት ሴት ራሷ ናት፤ እሱም ባለፈው ወር ነው። አሁን ደግሞ እናንተ ስሙኝ። አትዘኑልኝ ግን። የሚታዘንላት ሌላ ሰው አለች።

ሰለሞን እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፤ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ያኔ ከመጋላ ሰፈር ወደ ፋብሪካው በብስክሌት የምንመላለስ ጥቂት ሰዎች ነበርን፤ መንገድ የምመርጠው ደግሞ እኔ ነበርኩ። እኮራበትም ነበር። ሙቀቱ ሳይነሳ ለመድረስ ገና ጎህ ሲቀድ ስለምንወጣ ጎዳናው ጭር ያለ ነው፤ ስልክና ቦርሳ የሚነጥቁም ያን ሰዓት ይወዱታል። ስለዚህ የትኛው ሱቅ ቀድሞ እንደሚከፍት፣ ፉል የምትሸጠው ሴት የት እንደምትቀመጥ፣ ሰጋጆች ከሱብሒ ሶላት ሲመለሱ በየት እንደሚያልፉ፣ ባጃጆች የት ተራ እንደሚይዙ አጥንቼ ነበር። ስልክ ከኪስ ወጥቶ ከምሳ ዕቃ ሥር ይገባል። ከፊት የሚመጣው ከሩቅ የማይታይበት መንገድ አይነዳበትም። ይህን ሁሉ ለሌሎች የማስተምረው እኔ ነበርኩ። ሰው ያምነኝ ነበር።

ከሁሉም አብልጣ የምታምነኝ ፈቲያ ነበረች። ፈቲያ ጨርቅ ቆራጭ ናት፤ ነበረች ልበል። ድርብርቡን ጨርቅ በመቁረጫው ማሽን ስታስኬደው መስመሯ ንቅንቅ አይልም ነበር። ጠዋት ባጃጅ ስትጠብቅ እያረፈደች አለቃው ሲቆጣት፣ አንድ ቀን፣ «አቦ ሰሌ፣ እኔንም አስተምረኝ» አለችኝ። እሁድ እሁድ በፋብሪካው ግቢ አስተማርኳት። ወር ሳይሞላ ከኋላዬ እያንጎራጎረች ትነዳ ጀመር። ባሏ አብዲ ነገሩን በዝምታ ተቀበለው። አማቷ እማማ ዘሀራ ግን አልወደዱላትም። ሴት ልጅና ብስክሌት ምንና ምን ናቸው ይሉ ነበር። ፈቲያ እየሳቀች ታልፋቸዋለች።

ወደ ፋብሪካው የሚወስዱ ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንዱ በድልድዩ አድርጎ በአስፋልቱ የሚዞረው፣ ረጅሙ። ሁለተኛው ብስክሌቱን እየገፉ ደረቁን የአሸዋ ወንዝ ተሻግረው፣ ከአሮጌ መጋዘኖች ጀርባ የሚወጡበት አቋራጭ። እኔ ካወጣሁት ደንብ ጋር አቋራጩ አይሄድም፤ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ሱቅም የለ፣ ሰውም የለ። ግን ያሳጥራል። ሌሎቹ በአስፋልቱ ሲዞሩ፣ እኔና ፈቲያ ሁለት ስለሆንን ምንም አይመጣም ብዬ እሷን በዚያ መውሰድ የጀመርኩት እኔው ነኝ።

አንድ ሐሙስ ፈቲያ ፈቃድ ወጥታ በአቋራጩ ብቻዬን ሄድኩ። ሁለት ሰዎች ከመጋዘኑ ግንብ ጥግ ወጡብኝ። አንደኛው ቢላ ይዟል። መሮጥ እችል ነበር? መጮህ እችል ነበር? አላውቅም። ያደረግኩትን ነው የማውቀው። ከብስክሌቴ ወርጄ ተንበረከክሁ። ሳይሉኝ ተንበረከክሁ። «በእናታችሁ» አልኩ፤ ደጋግሜ «በእናታችሁ» አልኩ። ስልኬን ወሰዱ፣ ቦርሳዬን ወሰዱ፤ ብስክሌቴ አሮጌ ስለነበር በእግራቸው ገፍተው ጥለውት ሄዱ። ሲሄዱ እየሳቁብኝ ነበር። ቀና ስል ሱሪዬ ረጥቧል።

ይኸው ተናገርኩት። ያኔ ግን ይህን ከምናገር ብሞት ይሻለኝ ነበር። ቤቴ ተመልሼ ሱሪ ቀየርኩ። ፋብሪካ አርፍጄ ስደርስ ሰንሰለት ተበጥሶብኝ ነው አልኩ። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄጄ የድሮውን የሚመስል ስልክ፣ ያንኑ ቀለም፣ ፈልጌ ገዛሁ። ማንም እንዳይጠይቀኝ። ፖሊስ ጋ አልሄድኩም፤ ሄጄ ምን ልበል? ተንበርክኬ አለቀስኩ ልበል?

በማግስቱ ፈቲያ ከፈቃድ ተመለሰች። እኔ ግን ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት ማሽን ቀድሜ መፈተሽ አለብኝ ብዬ ሳልጠብቃት ወጣሁ፤ በድልድዩ፣ በአስፋልቱ፣ በሰው መሃል። ራሴን አተረፍኩ። እሷ ያን ቀን በባጃጅ መጣች። በምሳ ሰዓት እኔ ወዳለሁበት መጥታ፣ «ከነገ ጀምሮ ብቻዬን ልነዳ ነው። ከመጋዘኖቹ ጀርባ ያለው መንገድ ለብቻ ሰላም ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ልብ በሉ፤ ጠየቀችኝ። ሳትጠይቀኝ ዝም ብዬ ቢሆን አንድ ነገር ነበር። ዓይኔን እያየች ጠየቀችኝ። አይ፣ በአስፋልቱ ሂጂ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ለምን ስትለኝ ግን ምን እላለሁ? ስልክህ አዲስ መሰለኝ እያለች ደግማ ደጋግማ ብትመረምረኝስ? ነገሩ ተጎልጉሎ ወጥቶ ብትስቅብኝስ? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩና «ሰላም ነው፤ ምን ይመጣል ብለሽ ነው?» አልኳት። ነገ እነግራታለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ነገ ሲመጣም አልነገርኳት።

ሰኞ ጠዋት እዚያው መጋዘኖቹ ጋ ያዟት። እሷ እንደ እኔ አልተንበረከከችም። ቦርሳዋን አልለቅም ብላ ታገለቻቸው። ከነብስክሌቷ ገፍተው ግንቡ ላይ ጣሏት፤ የግራ እጇ አንጓው ላይ ተሰበረ። ብስክሌቷን ይዘው ሄዱ። ስብራቱ ሲድን ሁለት ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት፤ የመቁረጫው ማሽን ደግሞ ጨርቁን አጥብቆ የሚይዝ ሙሉ እጅ ይፈልጋል። ወደ ክር ለቀማ፣ ከተሰፋ ልብስ ላይ ትርፍ ክር ወደ መልቀም፣ አዛወሯት።

ልጠይቃት ቤቷ ሄድኩ፤ ሀብሀብ ገዝቼ ይዤ። በዚያች ሀብሀብ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። እማማ ዘሀራ ለጠያቂው ሁሉ፣ «ብዬ ነበር! ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ምን አስወጣት? እንዳይሆን ሆና ቀረች» ይላሉ። ጎረቤቱ ራሱን ይነቀንቃል። ፈቲያ እጇን ታቅፋ አንገቷን ደፍታለች። አብዲ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «ሰለሞን፣ አንተ መንገድ ታውቃለህ። ያ ቦታ ችግር እንዳለበት ሰምተህ ነበር?» አለኝ።

«አይ፣ ሰምቼ አላውቅም» አልኩት።

መዋሸት አልነበረም፤ አልሰማሁም፣ ደረሰብኝ እንጂ። ያኔ እንዲህ እያልኩ በቃላት ራሴን አታለልኩ። ጥፋቱ ፈቲያ ላይ ሲቆለል እያየሁ፣ ተቀምጬ ሻይ ጠጣሁ።

ሰባት ዓመት በአንድ ግቢ ሠራን። እሷ ክር ትለቅማለች፤ እኔ ማሽን እጠግናለሁ። ብስክሌት ዳግመኛ አልነካችም። እኔ ደግሞ በየጠዋቱ በአስፋልቱ እየነዳሁ፣ በሰላም እየደረስኩ፣ እንደምን አደርሽ እላታለሁ። በሰላም በደረስኩ ቁጥር ምን ይሰማኝ እንደነበር ልንገራችሁ? ብዙውን ጊዜ ምንም። ሰው ጥፋቱን ይለምደዋል። የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ባለፈው ወር አንዲት አዲስ ተቀጣሪ፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ብስክሌት እየገፋች ወደ ግቢው ገባች። ፈቲያ ከክር ለቀማው ጠረጴዛ ተነስታ ሄደችና የማይታጠፉትን ጣቶቿን አሳየቻት። «እህቴ፣ ይሄ ነገር ለሴት አይሆንም። አማቴ ብላኝ ነበር፤ አልሰማ ብዬ ነው እንዲህ የሆንኩት» አለቻት።

ይህን ከፈቲያ አፍ ሰማሁ። ሰዎች የጫኑባትን ጥፋት እሷ ራሷ አምናው፣ የራሷ አድርጋ፣ ለሌላ ሴት ስታወርሰው አየሁ። ያን ጥፋት እሷ ላይ የተውኩት እኔ ነበርኩ።

በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አስቀመጥኳትና ነገርኳት። ሐሙሱን፣ ቢላውን፣ መንበርከኬን፣ ሱሪዬን፣ ከታይዋን የገዛሁትን ስልክ፣ «ሰላም ነው» ማለቴን። አላስቀረሁም። መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ከእኔ በፊት አንተን ይዘውህ ነበር?»

«አዎ።»

«ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ትሰድበኛለች፣ በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን፣ «ወላሂ፣ ሰባት ዓመት ራሴን ነው የረገምኩት» አለች፤ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ግን የእኔ ልቅሶ ምን ዋጋ አለው? እንባዋን ጠርጋ ተነሳች። «ለእኔ የነገርከኝን ቤቴ መጥተህ ትናገራለህ። አማቴ ፊት። አብዲ ፊት» አለችኝ።

ሄድኩ። በድሬ ልማድ ትልቁም ትንሹም አንቺና አንተ ቢባባልም፣ ያን ዕለት እማማ ዘሀራን አንቱ አልኳቸው። ያንኑ ቃል በቃል ደገምኩት። አብዲ በመሃል ብድግ ብሎ ወደ በረንዳ ወጣ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፣ ግን አልነካኝም። «እጇን ሳይሆን፣» አለኝ፣ «እጇስ የአላህ ውሳኔ ነው፤ ቤቴ ተቀምጠህ ስትሰማ ዝም ያልከውን ነው የማልረሳው።» ትክክል ነው።

እማማ ዘሀራ ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ልጄ፣ እኔ ደግሞ ሰባት ዓመት በምላሴ ስወጋሽ ኖርኩ። ማሪኝ» አሏት። የተጎዳውን እጇን ስበው እጃቸው ውስጥ አደረጉት። ፈቲያ ራሷን ትከሻቸው ላይ ጣለች። እኔ እዚያ ቤት ውስጥ መኖሬን ለጊዜው ሁሉም ረሱት፤ በዚህ የተሰማኝን እፎይታ በምን ልንገራችሁ? ለእኔ የሆነ ነገር አልነበረም። ጥፋቱ ከእሷ ላይ ሲነሳ ግን ዓይኔ አየ።

ልወጣ ስል ፈቲያ በር ድረስ ተከተለችኝ። ይቅር በይኝ አልኳት።

«ለይቅርታው ጊዜ ስጠኝ» አለች። «መንገዱን ግን አሁን ንገረኝ። በየት ነው የምትሄደው?»

በሩ ላይ ቆመን ነገርኳት። የቱ ሱቅ ቀድሞ እንደሚከፍት፣ ከድልድዩ በኋላ በየትኛው ጎን መንዳት እንደሚሻል፣ የት ቦታ ፈጽሞ መቆም እንደሌለባት፣ ለምን እንደሌለባትም። በሚቀጥለው እሁድ አብዲ ብስክሌት ይዞላት ፋብሪካው ግቢ መጣ። በግራ እጇ ፍሬን መጨበጥ ስለማትችል ሁለቱንም ፍሬን ወደ ቀኝ አዙሬ ገጠምኩላት። ግቢው ውስጥ ሁለት ጊዜ ዞረች፤ መጀመሪያ እየተንገዳገደች፣ ሁለተኛውን ቀጥ ብላ። ፈቲያ የጠራቻት አዲሷ ልብስ ሰፊም ቆማ ታያት ነበር።

አሁን ሦስት ሆነን በአስፋልቱ እንመጣለን፤ ፈቲያና አዲሷ ሰፊ ከፊት ናቸው። እኔ ከኋላ ነኝ። በእነዚህ ሳምንታት እንቅልፍ እንደ ልጅ ይወስደኛል፤ ደረቴ ላይ የነበረው ነገር እንደሌለ የማስታውሰው ጠዋት ስነቃ ነው። ይህን ያህል መቅለል ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም። ፈቲያ እስካሁን ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፤ ደግሜም አልጠየቅኳትም።

ፈርቼ ነበር፤ እውነት ነው። አፍሬ ነበር፤ እሱም እውነት ነው። ፍርሃትም ሆነ ሐፍረት ግን ስትጠይቀኝ «ሰላም ነው» ያለውን ምላስ አያነጹትም። የተሰበረችው ብስክሌት ስለነዳች አይደለም። የተሰበረችው የሰው ቃል ስላመነች ነው፤ ያም ቃል የእኔ ነበር።