የደወል መቺዋ ልጅ ኮት

ሰፈሩ የእህቴን ባል «ነገ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ያወጣው ሰው ግን አፉ ይባረክ። ልብስ ሰፊ ነው። እጁ ወርቅ፣ ቃሉ የውሃ ላይ ኩበት። «ነገ ይምጡ» ይላል፤ ሰውየው ነገ ሲመጣ ጨርቁ ገና ከታጠፈበት አልተፈታም። አንድ ሙሽራ በዚሁ የተነሳ በተውሶ ኮት አግብቶ፣ የራሱን ሊወስድ ሲመጣ ሚስቱ ልጅ ታቅፋ ነበር። በዚያ ላይ ሆዱ ወጥቶ ኮቱ አልቆለፍ አለው። «ታዲያ እኔ ምን ላድርግህ፣ ሆዱን ያሳደግከው አንተ!» ብሎት እርፍ።

እኔ ከመጋረጃው በስተጀርባ ካውያ እይዛለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ስድብ እቀበላለሁ። ስድቡ የኔ ድርሻ የሆነው እሱ ደንበኛ ሲቆጣ «ክር ልግዛ» ብሎ ስለሚወጣ ነው። ሱቃችን በመድኃኒት ቤትና በመኪና መለዋወጫ መሸጫ መካከል የተሰካች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት የስፌት መኪና አለን፤ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ የገበር ጨርቅና ሬዲዮ ማስቀመጫ ነው።

ድሮ ደንበኛ ሲናደድ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!» ብሎ ይወርድበት ነበር። ጦርነቱ ከገባ ወዲህ ያንን ተረት የሚተርት ሰው ጠፋ። ማንም አልከለከለም፤ ከአፍ አልወጣ ብሎ ነው።

እነዚያን ዓመታት በሙሉ አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ብርቅ ነበር። የሚመጣው ጥቁር ነው። አንድ ነገር ልመስክርለት፦ ጥቁር ልብስ አዘግይቶ አያውቅም። ጠዋት የመጣ ጥቁር ጨርቅ ከሰዓት በኋላ ተተኩሶ ይወጣል። ሴቶቹ ሲለኩ እንኳ ቀና ብሎ አያያቸውም። የሱና የእህቴ ልጆች ሁለቱም ሴቶች ናቸው፣ ገና ትምህርት ቤት ናቸው፤ ጦር ሜዳ የላከው ሰው የለውም። ልጁ ቤቱ ያለ ሰው የሌላውን ለቅሶ ሲያይ እንደ ሌባ ነው የሚያደርገው።

በኋላ ሬዲዮው ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። ተገናኙ፣ ተነጋገሩ፣ ሊፈራረሙ ነው። አቤት ያኔ የእናቶች ጎርፍ! ጨርቃቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ከች ይላሉ። «ለልጄ ሙሉ ልብስ።» ልጁስ የታለ? «ይመጣል።» እሺ፣ ልኩ? ልኩማ እነሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። አንዷ እጇን ከአናቷ በላይ ዘርግታ «እዚህ ድረስ ነው» ትላለች። አንዷ ባሏን ጎትታ አምጥታ «አባቱን ለካና ሆዱን ቀንስ» አለች። ሌላዋ የመድኃኒት ቤቱን ሻጭ ከነነጭ ጋዋኑ ከሥራው አስነስታ አቆመችው፤ «ይሄን ያህላል፣ ግን እንደዚህ ትከሻ ቢስ አይደለም» ስትል፣ ምስኪን እጁን ዘርግቶ ቆሞ ሰማ።

እናት ደግሞ ስትለካ ቀንሳ አታውቅም። በነሱ ሜትር ከሄድን ያ ጦር በሙሉ በር ላይ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ነበር። «ነገ» እሺ እሺ እያለ ይቆርጥና ከውስጥ ትርፍ ጨርቅ ይተዋል፤ ቢሰፋም ቢጠብም እንዲያመች። ሬዲዮው ንግግሩ ተቋረጠ ሲል ሮጠው መጥተው «እባክህ እንዳትቆርጥ» ይላሉ። ቀጠለ ሲል ደግሞ «ምነው እስካሁን ሳትቆርጥ?» ይላሉ። እኔማ መሳቁም ማልቀሱም ታከተኝ።

ከነዚህ እናቶች አንዷ ሰፈሩ «ደወሏ» የሚላት ሴትዮ ነበረች። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ደወል መቺ ናት። ሰፈሩ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በሷ ነው። አንድ ጊዜ ያረፈደውን ዳይሬክተር «ተማሪ ብትሆን ኖሮ አንበረክክህ ነበር» ብላ በር ላይ አቁማዋለች፤ እሱም ይቅርታ ጠይቆ ነው የገባ። ልጇ አንድ ነው፤ ትምህርቱን ሳይጨርስ ነው የሄደው። አብረውት የሄዱት ሁሉ ድምፃቸው ሲሰማ የሱ ከጠፋ ዓመታት ሆኖታል። በፈቃድ የመጡ ጓደኞቹ ስሙ ሲነሳ «ሌላ የጦር ክፍል ነው የተመደበው» ብለው መንገድ ይቀይራሉ። በአጭሩ፣ ከእናቱ በቀር ሰፈሩ ሁሉ በሆዱ ቀብሮታል።

እንግዲህ ይቺ ሴትዮ ግራጫ ጨርቅ ይዛ መጥታ «ለልጄ ሙሉ ልብስ» አለች። ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ወፍራም፣ ዕድሜ ልክ የሚለበስ። «ነገ» ጨርቁን በጣቶቹ መሃል እያሸ ቆየ። ወጣ ስትል ወደኔ ዞረ።

«አልሰፋም ብላት መርዶ ነጋሪዋ እኔ ሆንኩ ማለት ነው» አለ። «ሰፍቼ ብሰጣት ደግሞ በር በሩን እያየ የሚሰቀል ኮት ነው የሰጠኋት።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው፣ ጋሼ?»

«እኔ እንጃ። ነገ አየዋለሁ።»

እንዲያው ሰው በአመሉ ነው የሚድነው መሰለኝ። ቆረጠው፣ በነጭ ክር አያያዘው፣ ከዚያ ወዲያ ወይ ፍንክች። ደወሏ ግን በተቀጠረችበት ቀን፣ የረፍት ደወል መትታ፣ ከች። እሱ ይሄኔ ጥያቄ ይፈጥራል። «እትዬ፣ ሲቆም ቀጥ ብሎ ነው ወይስ ዘንበል ይላል?»

«በግራው ዘንበል ይላል። ከልጅነቱ ጀምሮ ቦርሳውን በዚያ በኩል ነው የሚያንጠለጥለው።»

«እሱማ ትከሻውን ያስቀይረኛል። ነገ ይምጡ።»

ስትመጣ ሌላ ነው። እጁን ኪሱ ይከታል? ብርድ ይፈራል? ኮት ቆልፎ ነው የሚሄድ ወይስ ከፍቶ? በየትኛው እጁ ነው የሚጽፈው፣ የውስጥ ኪሱን በየት በኩል ላድርገው? አንዳንዱን ቶሎ ትመልሳለች። አንዳንዱን «ቆይ አስቤ ልንገርህ» ብላ ሄዳ፣ በቀጠሮዋ መልሱን ይዛ ትመጣለች። «ኪሱ ጠለቅ ይበልልኝ፤ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚከትበት፣ ብሎን ሳይቀር» ትላለች። ዳይሬክተር በር ላይ ያቆመች ሴትዮ፣ በዚህ ቃል በሌለው ሰው ላይ አንድ ቀን እንኳ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። እኔ ጅሏ ይሄ አልገረመኝም።

ይልቅ በሱ ተናደድኩ። «ሴትየዋን ምን ታመላልሳታለህ? ወይ ጨርስላት፣ ወይ እውነቱን ንገራት» አልኩት።

«አንቺ ንገሪያት።»

«እኔ ምን አገባኝ!»

«እህ!» አለና ክር ሊገዛ ወጣ።

ጦርነቱ ያለቀው ረፋድ ላይ ነው። ሬዲዮው ተፈራረሙ አለ፤ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተነቃነቀም፣ ስንት ጊዜ ተብሎ የቀረ ነገር ነውና። ከዚያ መኪኖች ጥሩምባ ነፉ። የመለዋወጫ ሻጩ ከመድኃኒት ቤቱ ሻጭ ጋር ተቃቀፈ፤ በመኪና ማቆሚያ ተጣልተው ስንት ጊዜ ሳይነጋገሩ ቆይተዋል። ሰው እየሮጠ ይወጣል፣ ወጥቶ ደግሞ የት እንደሚሄድ አያውቅም። ባለፈው ጥቁር የሰፋንላት አንዲት ደንበኛችን በራችን ላይ ቆማ «ደስ ይላል» አለች። ቆማ ቆማ ሄደች።

ከዚያ አውቶቡሶቹ መግባት ጀመሩ። እናቶች ሳይሆኑ ልጆቹ ራሳቸው እየመጡ ልብሳቸውን ለኩ። አይ የእናት ሜትር! ኮቱ ይገባል፣ ልጁ ይጠፋል። «ነገ» መርፌውን በከንፈሩ ይዞ ጠበብ አድርጎ፣ አሳጥሮ፣ ወገብ አስገብቶ አይዘልቀውም። «አይዞህ፣ ትርፉን ከውስጥ ትቼልሃለሁ፣ ስትወፍር ትመጣለህ» ይላቸዋል። ሲስቁ ጥርሳቸው ያው የድሮው ነው፤ ፊታቸው ግን የአባቶቻቸውን መስሏል። ለነሱ ቀጠሮ አላዛባም። በሰዓታቸው ነው ያደረሰላቸው፤ ሰፈሩ ጉድ አለ።

ያልተወሰዱት ከመጋረጃው በስተጀርባ፣ ከካውያዬ በላይ ተሰቅለው ቀሩ። እነሱን ያሰፉት እናቶች በራችን ማለፍ ትተው በማዶ በኩል መሄድ ጀመሩ። እኛም አልጠራናቸውም። ደወሏ ብቻ በቀጠሮዋ መምጣቷን አላቋረጠችም።

አንድ ቀን ሬዲዮው የመጨረሻዎቹ ተመላሾች፣ ተማርከው የነበሩትም ጭምር፣ ገብተው አበቁ አለ። ከእንግዲህ ከዚያ ወገን የሚጠበቅ ሰው የለም ተባለ። «ነገ» ተነስቶ ግራጫውን ኮት አወረደ። ምንም ሳይል እጅጌውን ገጠመ፣ ገበሩን ሰፋ። ቁልፉን እንድተክል ሲሰጠኝ «ከእንግዲህ ነገ ብላት ውሸት ነው» አለኝ።

«ድሮስ ምን ነበር?»

«ድሮ አላውቅማ። ማን ያውቃል?»

ተኮስኩት። እንዲህ ያለ ኮት ከእጁ ወጥቶ አያውቅም፤ ጠላቱ ብሆን እንኳ ይሄን አልክደውም። በግራ በኩል ትከሻው ላይ ያደረጋት ዝቅታ ለብቻው ሥራ ነው። ረፍት ሲደርስ ክር ልግዛ ብሎ ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልወጣም። ወንበሩ ላይ እጁን በጭኖቹ መሃል ከቶ ተቀመጠ።

ደወሏ ገባች። ተነሳና ኮቱን ከነመስቀያው ይዞ ቆመ።

«እትዬ፣ አልቋል።»

ሴትየዋ ኮቱን አየችው። ቀረብ ብላ እጅጌውን በመዳፏ ዳሰሰች፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካች፣ እጇን የውስጥ ኪሱ ውስጥ ከትታ ጥልቀቱን ለካች። ከዚያ ቀና አለች።

«ማን ጨርስ አለህ?»

እኔ ከመጋረጃው ወጣሁ።

«አንተን ነው የምጠይቅህ፣ ማን ጨርስ አለህ? ቸኩዬ አውቃለሁ? አንድ ቀን ተቆጥቼህ አውቃለሁ?»

«እትዬ… ሬዲዮው… የመጨረሻዎቹ ገብተው አበቁ ሲል…»

«ሬዲዮ ሊነግረኝ ነው የኔን ልጅ? አጠገቡ የነበረው ልጅ እኮ እግሬ ሥር ተደፍቶ ነግሮኛል። እጁ ላይ ነው ያረፈው። ይሄን ጨርቅ ሳልገዛ በፊት ነው የነገረኝ!»

የያዝኩትን ካውያ አስቀመጥኩ።

«ታዲያ እትዬ፣ ለምን አልነገሩኝም?» አለ «ነገ»።

«ብነግርህማ ጥቁር ነው የምትሰፋልኝ። እሱ ደግሞ ካንድ ቀን በላይ አይፈጅብህም።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ወንድሜ፣ የልጄን ስም ሳነሳ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ጎረቤቴ ወሬ ታስቀይሳለች። አስተማሪዎቹ፣ ያስተማሩት እንኳ፣ ‹አይዞሽ› ብለውኝ ክፍላቸው ይገባሉ። አንተ ብቻ ነህ እንዴት እንደሚቆም የጠየቅከኝ። ብርድ ይፈራል ወይ ያልከኝ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ሳስታውስ አደርኩ፤ ካልሲ አልለብስም ብሎ የሚያስቸግረኝን ሁሉ። ጥያቄህን ይዤ ነው ስኖር የከረምኩት። አሁን ምን ይዤ ልሂድ? ኮት?»

ይቺን ሴትዮ ምስኪን፣ የማታውቅ፣ የሚዋሽላት አድርገን ስንመለከታት ነው የከረምነው። አፈርኩ። እንባዬን በካውያ ጨርቅ ጠረግሁት፤ ሞቃት ነበር፣ ፊቴን አቃጠለኝ፣ ግድ አልነበረኝም።

«ነገ» ኮቱን ከመስቀያው አወጣ። ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ገለበጠው። ምላጩን አነሳና በትከሻው በኩል፣ ያን ሁሉ የለፋበትን የግራውን እጅጌ፣ ክሩን እየበጣጠሰ ይፈታ ጀመር። ደወሏ አየችው እንጂ አልከለከለችውም። የደንበኛ ወንበሩን ሳብኩላት፤ ተቀመጠች።

የልብስ ጥያቄ አልቆበታል፤ የቀረ ነገር እንደሌለ ሦስታችንም እናውቃለን። ጥቂት ፈታ። ከዚያ ዓይኑን ከስፌቱ ሳያነሳ «ከውጭ ሲመጣ» አለ፣ «ከውጭ ሲመጣ መጀመሪያ ምንድነው የሚለው?»

«ሳይገባ ነው የሚጀምረው» አለች። «ገና ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ‹እማ፣ ምን አለ የሚበላ?› ብሎ ይጮኻል። ጎረቤት ሁሉ ነው የሚሰማው።»

«እርስዎስ ምን ይሉታል?»

«‹መጀመሪያ እጅህን ታጠብ› እለዋለሁ።»