ከኦርጋኑ ዝቅ ያለችው ክር

ጋሽ ደምሴን ለምታውቁ ሁሉ፦ ክራር ቃኚው ሰኞ ጠዋት ካርቲየ ሰባት ቢስ በሚባለው ሰፈር፣ ከተከራዩዋት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ዐርፈው ተገኝተዋል። በሰርጉ ሁሉ ሲያጨበጭብላቸው ከነበረው ሰው ለቀብር የወጣነው ስምንት ብቻ ነን። ብዙ አልተማርኩምና ጽሑፌን ይቅር በሉኝ። ዝም ማለት ግን አቃተኝ።

እኔ ሰው ቤት ተቀምጬ የምሠራ ሴት ነኝ። ዓርብ ዓርብ ዕረፍቴ ስለሆነ ልጄን ሰናይትን ወስጄላቸው ክራር በነፃ ያስተምሯት ነበር። ጆሮዋን ክራሩ ላይ አስደግፈው «አትቸኩይ የኔ ልጅ፤ ሁለቱ ድምፆች መንቀጥቀጣቸውን ትተው አብረው ሲያርፉ፣ ያኔ እጅሽን አንሺ» ይሏታል።

ነገር የተበላሸው ኦርጋን ሲመጣ ነው። ይጫወቱበት የነበረው የሰርግ ባንድ አለቃ ክራሩን በኦርጋኑ ልክ ቃኙ አላቸው።

«ለአንቺሆዬ ቅኝት ይቺ ክር ከኦርጋኑ ትንሽ ዝቅ ትላለች» አሉት።

«ኧረ ጋሼ! ፀጉር የምታህል ልዩነት ማን ይሰማታል?»

«ጫማህ ውስጥ የገባች ጠጠርም ትንሽ ናት። እስቲ እሷን ይዘህ ጨፍር!»

ሰው ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ግን ለሰርግ የጠራቸው የለም።

ዓምና ያው ባንድ ሰናይትን ፈለጋት። ልጄ እንደ እኔ የሰው ወለል ስትወለውል እንዳትቀር ፈርቼ ጋሽ ደምሴ እግር ላይ ወደቅሁ። «ለልጄ ብለው በኦርጋኑ ይቃኙላት!»

የሰናይትን ክራር ተቀበሉ። ከዚያ በስልኳ የቀዳችውን የኦርጋን ድምፅ እየሰሙ ክሮቹን አንድ ባንድ አጠበቁ። «እንቺ እናቷ፣ አሁን ትበላበታለች» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ የራሳቸውን ክራር ሲነኩ አላየሁም።

በሠልስታቸው ማግስት፣ ልምምድ ላይ፣ ሰናይት ያችን ክር ወደ ድሮ ቦታዋ ዝቅ አደረገቻት። አለቃው «አስተካክያት» ቢላት «የተስተካከለችው እንዲህ ናት» አለችው። አባረራት።

ጋሽ ደምሴ፣ ይቅርታ ልለምንዎ ነበር የተነሳሁት፤ ንዴቴ ቀደመኝ። ጆሮዎን ለልጄ ትተውላት ሄዱ። ይኸው አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ትቃኛለች። ድምፆቹ አብረው ሲያርፉ እኔም መሃይሟ ሰማሁት። ልክ ነበሩ፣ አባቴ። ግን ልክ መሆን እርስዎን ምን አበላዎት? እሷንስ ማን ያበላታል? እርስዎ ይረፉ። እኔ ክሯን አጥብቂያት እንዳልላት ልክነቷን ሰምቼዋለሁ፤ እንዳለች ተያት እንዳልላት ደግሞ እንጀራ እንዳታጣ እፈራለሁ።