ከመታጠፊያው በፊት

ሾፌሩ ስልሳ ዓመት የዘለለው፣ የነጭ ሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። በሜክሲኮ፣ በባሃ ካሊፎርኒያ ጠረፍ፣ ማዕበል የሚጋልቡ ወጣቶችን ከነመንሳፈፊያ ሰሌዳቸው በፒካፑ ጭኖ፣ ሌላ ሾፌር ወደማይደፍረው ዳርቻ ያደርሳል። ከዛሬዎቹ ሁለት ተሳፋሪዎች አንዱ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ኔሬዮ፣ እንዳስተዋለው፣ ባሕሩን አንድም ጊዜ ዞር ብሎ አላየም። የመቀመጫውን ቀበቶ አያስርም፤ ግራ እጁም ከበሩ መክፈቻ አይርቅም።

የሌሊቱ ዝናብ የኮረኮንቹን መንገድ ግማሽ ወደ ገደሉ ንዶታል። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ሾፌሩ መኪናውን አቆመ።

«ውረዱና በእግራችሁ እለፉ።»

«አባባ፣ ማዕበሉ እኮ ቆሞ አይጠብቀንም» አለ ከኋላ የተቀመጠው ኤሊሴዮ እየሳቀ። «ይሄ መንገድ አውቶቡስም ያሳልፋል።»

ሾፌሩ በእጁ ወደ በሩ ጠቆመ። ሁለቱም ወርደው እስኪሻገሩ ጠበቀና የራሱን በር ክፍት ትቶ ብቻውን ነዳ። የቀኙ ጎማ የገደሉን አፍ ሲረግጥ ድንጋዮች ወደ ባሕሩ ተንከባለሉ።  መኪናው እንደምንም አለፈ።

ተመልሰው ሲገቡ የሰውየው ሸሚዝ ጀርባው ላይ በላብ ተጣብቋል።

«አብረን ብናልፍስ ምን ነበረበት?» አለ ኔሬዮ።

ሰውየው ማርሽ አስገባ።

«ልጆቼም እዚሁ ቦታ አንወርድም ብለውኝ ነበር» አለ። «እሺ አልኳቸው።»